ባሕር ዳርቻ ሰረቀ የተባለው ሰው

ወሬው እንዲህ ነው። ጋሽ ደለል ከጎረቤት አገር አንድ ሙሉ ባሕር ዳርቻ ሰርቆ አመጣ። በሌሊት ሄደ፤ የሚነዳትን መርከብ መብራት አጠፋ፤ ጫማውን አወለቀና በካልሲ እየተራመደ ባሕር ዳርቻውን እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ ተሸከመው፤ ጎህ ሳይቀድም እህቱ ደጃፍ ላይ ዘረጋው። ይህ ፀጉር ቤት የሚነገረው ነው። ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ጋ ሲደርስ ወሬው እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ እዚያ ደግሞ ከአሸዋው ጋር ጥቂት ጀልባዎች፣ አንድ የተኛ ዓሣ አጥማጅና የዓሣ አጥማጁ ውሻ አብረው ተጠቅልለው መጥተዋል። ውሻው እስከ ዛሬ በባዕድ ቋንቋ ነው አሉ የሚጮኸው፤ የሰፈሩ ውሾች አስተርጓሚ አጥተው ተቸግረዋል።

ነገሩን ቀዝቀዝ ብሎ ላሰበው ግን ያጠራጥራል። ባሕር ዳርቻ ኪስ አይገባም። ጋሽ ደለልም ቢሆን ሚስቱ ቁም ሣጥን አናት ላይ ከምትደብቀው ጣሳ አንዲት ብስኩት ሳይያዝ አንስቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ገና ክዳኑን ሲነካው ከጓዳ «አየሁህ!» ትለዋለች። መርከቧ ደግሞ ሞተሯ ሲነሳ የምታስለው ሳል ከተማውን በሙሉ ከአልጋ ያወርዳል። በእሷ ለስርቆት መሄድ ማለት ከበሮ እየደለቁ ኪስ እንደማውለቅ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ አሸዋ ከየት መጣ?

ጋሽ ደለል የደለል መጥረጊያ መርከብ ነጂ ነው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት እናቱና የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበሩ፤ እናቱ ዐርፈዋል፣ የደመወዝ ክፍሉም አንዳንዴ ይረሳዋል። ወንዙ ከላይ፣ ከተራራማው አገር፣ እየጠረገ አምጥቶ ወደቡ አፍ ላይ የሚቆልለውን ጭቃና አሸዋ፣ የዝሆን ኩምቢ በመሰለ ቱቦ እየመጠጠ መርከቧ ሆድ ውስጥ ይከታል፤ ሆዷ ሲሞላ ጥልቁ ባሕር ድረስ ወስዶ ይደፋዋል። ሲመለስ ወንዙ ሌላ አምጥቶ ይጠብቀዋል። «ሥራዬ የማያልቀው እኔ ሰንፌ አይደለም፤ ወንዙ ትጉህ ሆኖ ነው» ይላል።

መርከቧን ሠራተኞቹ «አክስቴ» ይሏታል። ታስላለች፣ ታማርራለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ትውጣለች፣ ካልተቆጧትም ንቅንቅ አትልም። ኩምቢዋ ጫፍ ላይ ትልልቅ ነገር እንዳያንቃት የብረት ወንፊት ተገጥሞላታል፤ እዚያ ወንፊት ላይ ከተማው የጣለው ሁሉ ይገኛል፦ ነጠላ ጫማ፣ ጎማ፣ ባልና ሚስት ተጣልተው የወረወሩት ድስት። ስለዚህ ጋሽ ደለል የማንን ትዳር ሰላም እንደራቀው ከማንም ቀድሞ ያውቃል፤ ግን አይናገርም።

ማታ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ በረንዳ ላይ በውሃ ጎማ ትጠብቀዋለች። ሳይታጠብ ደፍ አያልፍም። «አንተ ሰውዬ፣ ካንተ ላይ ያጠብኩት ደለል ቢጠራቀም ሌላ ወደብ ይደፍን ነበር» ትለዋለች። እሱም «ታዲያ እኔን ከመቅጠር አንቺን መቅጠር ይሻላቸው ነበር» ይላታል፤ ጎማውን ፊቱ ላይ ታዞርበታለች። ከተጋቡ ጀምሮ ያልተቋረጠ የቀን ተቀን ፍቅራቸው ይኼ ነው።

የሕይወቱ ሸክም ግን ደለሉ አልነበረም፤ የደለሉ አለመኖር ነበር። ከወደቡ ወዲያ፣ ባሕሩ ዳር፣ ታላቅ እህቱ፣ እትዬ፣ አባታቸው በሠራው ቤት ትኖራለች፤ ክፍሎቹን ለመንገደኛ እያከራየች። ከበረንዳው ወደ አሸዋው የሚወርድ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። አባታቸው የደረጃውን የመጨረሻ መውረጃ ሲሚንቶ ባፈሰሰ ዕለት «ማንም እንዳይረግጥ!» ብሎ ቃሉን ከመጨረሱ ጋሽ ደለል፣ ያኔ ገና ሱሪ መልበስ የጀመረ ልጅ፣ እየሮጠ መጥቶ መሐሉ ላይ ቆመበት። የእግሩ ቅርጽ እስከ ዛሬ አምስት ጣቱ ሳይጎድል አለ። እትዬ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ እያሳየች፣ «ሰው በዓለም ላይ አሻራውን ይተዋል፤ የኔ ወንድም ደረጃ ላይ ተወው» ትላለች።

በልጅነታቸው ከዚያ ደረጃ ተነስቶ ባሕሩ ጋ ለመድረስ እግር እየተቃጠለ መሮጥ ነበር። አሁን ሰው ወደ ባሕሩ መሄዱ ቀርቶ ባሕሩ ሰውን ሊጠይቅ ይመጣል። አሸዋው ከዓመት ዓመት እየሳሳ አልቆ፣ ማዕበሉ የደረጃውን ሥር ይልስ ጀመር። ባለሙያዎች መጥተው አዩና፣ «ደረጃው ከሄደ ግድግዳው ይከተላል፤ አንድ ከባድ የማዕበል ወራት ይበቃዋል» አሏት። እትዬም፣ «ግድግዳው ይሂድ፤ እኔ ግን የትም አልሄድም» አለች። ጋሽ ደለል ያን ቀን እራቱን አልበላም። ሚስቱም ጎማውን ረሳችው፤ ቤት ውስጥ ነገር የከበደ ለት እንዲህ ነው።

የበሽታው ምንጭ የተሰወረ አልነበረም። ተራራማው አገር ወንዙን በግድብ ዘግቷል፤ አሸዋው ግድቡ ሥር ተኝቶ እዚያ ሌላ ራስ ምታት ሆኗል፣ ግድቡ በደለል እየሞላ ነው። እኛ ወደብ የደረሰውን ጥቂት አሸዋ ደግሞ «ቆሻሻ» ብለን ጥልቅ ባሕር እንደፋዋለን። ከወዲያ ያለው ጎረቤት አገርም የዓሣ አጥማጆቹ መንደር እንደ እትዬ ቤት እየተበላበት ይጮኻል። አንዱ በዝቶበት ያለቅሳል፣ አንዱ አንሶት ያለቅሳል፣ አንዱ እየደፋ ያለቅሳል፤ የሁሉም እንባ ስለ አንድ ጭቃ ነው።

በመጨረሻ ሦስቱ አገሮች የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ። ስብሰባው የተደረገው አየር ማቀዝቀዣው ከክረምት በሚበርድ አዳራሽ ነው። ጋሽ ደለልም «የአክስቴን ሆድ ልክ የሚያውቅ ሰው ይምጣ» ተብሎ ተጠርቶ ከኋላ፣ ብስኩቱ ከተደረደረበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ ተቀመጠ። ሚስቱ በሌለችበት አገር ነጻነት እንዲህ ይጣፍጣል። የመጀመሪያው ጠዋት ያለቀው ደለሉ የማን ነው በሚለው ነው። የተራራው አገር ተወካይ፣ «አፈሩ የኛ ነው፤ ስንት ዘመን ያለ ምስጋና ስትቀበሉን ኖራችሁ» አለ። የኛው ተወካይ፣ «ደጃችን ላይ የጣላችሁትን ስናጸዳ የኖርነው እኛ፣ ምስጋናው ለእናንተ?» አለ። የጎረቤቱ ተወካይ ደግሞ፣ «ወገኖቼ፣ እኛ ጋ አንድ ፍሬ አልደረሰም፤ ለመጨቃጨቅ እንኳ ትንሽ ስጡን» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። ተረቱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ወንዝ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል። ሲዞር ግን ፓስፖርት አይዝም።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ተነሣች። የባሕር ዳርቻና የአሸዋ ተመራማሪ ናት፤ ድምጿ ቀጭን፣ ሐሳቧ ግን እንደ መልሕቅ የሚከብድ። ዕቅዷ አጭር ነበር። የተራራው አገር በጎርፍ ወራት የግድቡን የታች በሮች ይክፈት፤ አሸዋው ይውረድ። አክስቴ ጭቃውን ከአሸዋው እየለየች አሸዋውን ታንሳ። ያን አሸዋ ወስዳ «አፍንጫው» ላይ ትድፋው። አፍንጫው ጎረቤት አገር ክልል ውስጥ ወደ ባሕሩ ሹል ብሎ የገባ መሬት ነው፤ ሁለቱም ወገን በዚሁ ስም ይጠራዋል።

ጋሽ ደለል አፉ ውስጥ የነበረው ብስኩት ትን አለው። «የት?» አለ ከኋላ።

«አፍንጫው ላይ፣ ጋሼ።»

«እህቴ እዚህ እየሰጠመች እኔ አሸዋችንን ጭኜ ሰው አገር ላፈስ? ልጄ፣ ቤት ሲቃጠል ውሃ ለጎረቤት ይረጫል እንዴ?»

«የባሕሩ ጉዞ ከዚያ ወደዚህ ስለሆነ ነው፤ እርስዎ ብቻ…»

«ባሕሩን እኔ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ» ብሎ ብስኩቱን ዋጠ።

ባሕሩን ያውቀዋል፤ እሱስ ልክ ነው። ግን ያወቀው እንደ ጎረቤት ነው፦ ሰላምታውን እንጂ ጓዳውን አይደለም።

ውሉ እስኪፈረም ጊዜ ስለሚወስድ፣ አክስቴ አሸዋ የመርጨት ሙከራ በገዛ ዳርቻችን ላይ እንድታደርግ ተፈቀደ፤ የት እንደሆነ ግን ማንም አልጻፈም። ጋሽ ደለል አልጠየቀም። መልሱን የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? አክስቴን እያስሳለ አመጣና እትዬ ደጃፍ ፊት ለፊት አቆማት። ኩምቢዋን ቀና አድርጋ አሸዋውን በሰማይ ላይ እንደ ቀስተ ደመና ስትረጨው ከተማው ሁሉ አጨበጨበ። ደረጃው ሥር ሰፊ፣ ንጹሕ፣ ወርቅ የመሰለ ሜዳ ተዘረጋ። እትዬ አረንጓዴ ፕላስቲክ ወንበሯን አውጥታ መሐሉ ላይ ተከለችና እንደ ንግሥት ተቀመጠች።

«ወንድምዬ፣ እናትህን መሰልክ!» አለችው። ከእሷ አፍ ከዚህ በላይ ሽልማት የለም። ፀጉር አስተካካዩ በነጻ ላጨው፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ትኩሱን መርጣ ሰጠችው። ጋሽ ደለል ለጥቂት ሳምንት ሲራመድ ደረቱ ቀድሞ ይደርስ ነበር።

እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይባል የለ? ውሃው እያሳሳቀ ወሰደ። ሜዳው በመጀመሪያ ጠበበ፣ ቀጥሎ ተሸራረፈ፣ አንድ ነፋሻማ ጠዋት ደግሞ ጨርሶ የውሃ ሽታ ሆነ። አረንጓዴው ወንበርም አብሮ ሄደ። እትዬ ደረጃው ላይ ቆማ ወንበሯን በዓይኗ ፈለገች።

ጋሽ ደለል አንገቱን ደፍቶ ወደብ አፍ ላይ መደበኛ ሥራውን ቀጠለ። ኩምቢዋ ወርዳ ትንሽ እንደሠራች አክስቴን አነቃት፤ አስላ፣ ተንዘፍዝፋ፣ ቆመች። ቱቦውን አወጡት። ወንፊቱ ላይ እግሮቹን ወደ ሰማይ አንፈራጥጦ የተቀመጠ አንድ አረንጓዴ የፕላስቲክ ወንበር አለ።

ሠራተኞቹ ከበቡት። አንዱ፣ «ጋሼ፣ እህትህ መጥታ ተቀመጠችብን?» አለ።

እህቱ ደጃፍ ላይ ያፈሰሰውን አሸዋ፣ እሱ ራሱ፣ በገዛ መርከቡ፣ እንደ አዲስ ሲመጥጠው ነበር። ላቡን አፍስሶ ለራሱ ሥራ ሲፈጥር ከረመ።

ወንበሩን በብብቱ ይዞ ዶክተሯ ቢሮ ገባ። ጠረጴዛዋ ላይ በየጠርሙሱ የአሸዋ ዓይነት ተደርድሯል። ወንበሩን መሐሉ ላይ አስቀመጠውና፣ «ወደቡ አፍ ተገኘ» አለ።

ዶክተሯ ወንበሩን አየች፣ እሱን አየች፤ ከዚያ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ይቅርታ ጋሼ» እያለች፣ እየጠረገች። «ባሕሩ በዳር በዳሩ አሸዋ እየገፋ ይሄዳል። ከአፍንጫው ይነሣል፣ በዓሣ አጥማጆቹ መንደር ያልፋል፣ በእህትዎ ደጃፍ ያልፋል፣ ወደቡ አፍ ላይ ይቆማል። ደጃፏ መንገድ ነው። መንገድ መሐል ያፈሰሱት ሁሉ ይሄዳል። ከመነሻው ያለማቋረጥ ቢያፈሱ ግን፣ የሄደውን የሚመጣው ይተካዋል።»

«እና እሷ ዘንድ እንዲደርስ ለነሱ መስጠት አለብኝ?»

«አዎ።»

«ለነሱም ለእሷም ይበቃል?»

«አንዳችሁም ‹የኔ ነው› ብላችሁ መሐል ላይ ካልዘጋችሁት።»

ጋሽ ደለል ወንበሩን አሻሸ። «ይህን ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር። ብስኩት ይበሉ ነበር።»

ውሉ ተፈረመ። ግድቡ በጎርፍ ወራት የታች በሩን ከፈተ፤ አሸዋው መጣ። አሁን የቀረው ከሁሉ የከበደው ነበር፦ እትዬን ማስረዳት።

«እትዬ፣ ስሚኝ። አሸዋውን ወስጄ አፍንጫው ላይ ነው የማፈሰው።»

«አፍንጫው የማን ነው?»

«የጎረቤት አገር።»

«የኔ ደጅ የማን ነው?»

«ያንቺ።»

«እንግዲህ መንገዱን ታውቀዋለህ» ብላ በሩን ዘጋችው። ወንበሯን ግን ተቀብላ ነው የዘጋችው።

አክስቴ አሸዋ ሞልታ ወደ አፍንጫው ስትሄድ በግድ በእትዬ ቤት ፊት ማለፍ አለባት። በየጉዞው እትዬ በረንዳ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። ከተማውም ተነሣበት። ዳቦ ጋጋሪዋ ያረረውን መርጣ ሰጠችው። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ራሱን ላጨና መቀሱን አንጠልጥሎ፣ «ይህኛውን ወገን ለጎረቤት ልተውላቸው?» አለው። ጋሽ ደለል ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ግማሹን ራሱን በባርኔጣ ሸፍኖ ሄደ። ሚስቱ ብቻ፣ እያጠበችው፣ «እውነት ይመጣል?» አለችው በቀስታ። «ዶክተሯ ይመጣል ብላለች።» «አንተስ?» «እኔማ ባሕሩን አውቀዋለሁ ብዬ ወንበር ነው ያገኘሁት።»

ወሰኑ ላይ የጎረቤቱ ጉምሩክ ሹም በጀልባ መጣ፤ ዕቃው ከየት እንደሚመነጭ ጠየቀ። «ከተራራው አገር» አለ ጋሽ ደለል። ላኪው? «እኛ።» ተቀባዩ? «እናንተ፤ ከዚያ እህቴ።» ሹሙ ራሱን አከከና፣ «እህትህ ቀረጥ ትከፍላለች?» አለ። «በሯን ብትከፍት ሄደህ ጠይቃት።» ከዚያ የጎረቤቱ ደለል ጠራጊ መርከብ ካፒቴን ሬዲዮ ውስጥ ገባ። በኛው ቋንቋ፣ በተሰባበረች ግን በምትሞቅ አነጋገር፣ «ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ! ወደ አገሬ አፈር ሊወስድ የመጣ ብዙ ነው፤ ይዞ የመጣ አንተ የመጀመሪያው ነህ!» አለው። ጋሽ ደለል በዚያ ሰሞን ደግ ቃል የሰማው ከባዕድ አገር ሰው ብቻ ነበር።

አፈሰሰ። ተመለሰ። ጫነ። አፈሰሰ። የዓሣ አጥማጆቹ መንደር አሸዋ አገኘ፤ እትዬ ደጃፍ ግን ምንም የለም። የማዕበሉ ወራት ደረሰ። አሻራ ያለበት መውረጃ ሥሩ ተቦርቡሮ በአየር ላይ ተንጠለጠለ፤ ዳር ዳሩ ተሰነጠቀ። ጋሽ ደለል ከመርከቡ ላይ ሆኖ በየጉዞው በመነጽር ያየዋል። አንድ ቀን ሙሉ ጭነት ይዞ በደጃፏ ሲያልፍ መሪውን ሊያዞረው እጁ ከጀለው። እዚያ ቢያፈስላት ቢያንስ ለሳምንት ትስቃለች። ያን ጊዜ አረንጓዴው ወንበር፣ በረንዳው ላይ፣ ዓይኑ ውስጥ ገባ። መሪውን ያዘና ቀጥ ብሎ ወደ አፍንጫው ሄደ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። እትዬ ናት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

«አንተ ልጅ፣ አሁኑኑ ና።»

ቤቱ ወደቀ ብሎ፣ ባርኔጣውን እንኳ ሳያደርግ፣ እየሮጠ ሄደ። እትዬ መጥረጊያ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ፊቷ ተቆጥቷል።

«ምን ሆነ?»

«ይህን አሸዋህን ከቤቴ አውጣልኝ! ሳሎን ገባ፣ አልጋ ገባ፣ ዱቄቴ ውስጥ ገባ፤ እንግዶቼ በጥርሳቸው እያንቋቁ ቁርስ በሉ!»

አልፏት ወደ ደረጃው ሮጠ። ባሕሩ ወደኋላ ሸሽቷል። ደረጃው ሥር ቢጫ አሸዋ እስከ ጉልበት ተከምሯል፤ የተንጠለጠለው መውረጃ ጠፍቷል፣ ተቀብሯል። ጋሽ ደለል ተንበርክኮ በእጁ ይቆፍር ጀመር። እትዬ ትንሽ ቆማ አየችው፤ መጥረጊያዋን ጣለችና አጠገቡ ተንበርክካ አብራው ቆፈረች። ትንሿ እግር ከነአምስት ጣቷ ብቅ አለች። ሁለቱም አዩዋት። ከዚያ እትዬ አሸዋውን መልሳ አለበሰቻትና፣ «እንዳይበርዳት» አለች። ከጓዳም ወንበሯን አመጣች። ለእሱም ሌላ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ ወሬ ግን ደስ የሚል ነገር ባየ ቁጥር ይርበዋል። ከወዲያ ማዶ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ከአሸዋው ገሚሱ በደጁ አልፎ ሲሄድ አየና፣ «አሸዋችንን ወሰዱት!» አለ። ቃሉ ባሕሩን ተሻግሮ እኛ ጋ ሲደርስ ልብስ ለውጦ፣ ጌጥ አድርጎ ነበር። ፀጉር ቤቱ በኩራት ተቀበለው። ትናንት አገር ሻጭ የነበረው ሰው ዛሬ የአገር ጀግና ሌባ ሆነ፤ ዳቦ ጋጋሪዋም ወደ ትኩሱ ተመለሰች።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ደለል ራሱን ሊስተካከል ገባ። ቤቱ ሙሉ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን አንገቱ ላይ እያሰረ በመስታወቱ ጠቀሰው። «እስቲ ዛሬ ከራስህ አፍ እንስማው። በካልሲ ነው የሄድከው፣ በባዶ እግር? ውሻውስ ሲጠቀለል አልነከሰህም?»

መቀሶች ሁሉ ቆሙ። ጋሽ ደለል በመስታወቱ ውስጥ አንድ በአንድ አያቸው።

«ባሕር ዳርቻ አልሰረቅሁም» አለ። «አሸዋውን የሰጠን የተራራው አገር ነው። እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ እናንተ እያፏጫችሁብኝ፣ ጫማ አድርጌ ወስጄ ለጎረቤት ሰጠሁት። ያመጣው ባሕሩ ነው። እህቴ ደጃፍም አይቀርም፤ ይሄዳል፣ ወደቡ አፍ ይደርሳል፣ ሰኞ እዚያው አግኝቼው መልሼ እወስደዋለሁ። ሌሊት ደግሞ እኔ እተኛለሁ። ሚስቴን ጠይቋት። ውሻ የሚባል ነገር አላየሁም። አሁን ሁለቱንም ወገን እኩል ላጨኝ።»